አዌቱን የትኛው መምህር ያስተምር? የውሃና የተፋሰስ ትምህርትን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማድረሻ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ የሚሄድ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አንድ ድንበር ያቋርጣል። ድንበሩ ምልክትም ኬላም የለውም። ከወዲህ ወገን የጣለ ዝናብ ወደ አዌቱና ወደ ኪቶ ወንዞች ተሰብስቦ በቦዬ ረግረግ ያልፋል፤ ከዚያ ግልገል ጊቤን ይቀላቀልና ከኦሞ ጋር ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ይህ ውሃ ባሕር ሳያይ ይቀራል። ከወዲያ ወገን የጣለው ደግሞ በዲዴሳ አድርጎ ዓባይ ይገባና እስከ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። አንድ ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ተለያይተው ይቀራሉ።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ «አዌቱ የት ገብቶ ያልቃል?» እላቸዋለሁ። የአማዞንን ርዝመት በቃሉ የሚጠራ ልጅ በየቀኑ በድልድይ ተሻግሮት የሚመጣው ወንዝ የት እንደሚደርስ ሲያጣው ማየት ያመኛል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ውሃን በስምንትና በዘጠኝ የትምህርት ዓይነቶች ቆራርጠን ስለምናስተምር ቁርጥራጩን መልሶ የሚገጥምለት ሰው አላገኘም።

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው በጅማና በአካባቢዋ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ለርእሳነ መምህራንና ለትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ነው። የተፋሰስን፣ ማለትም ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበትን መሬት፣ ትምህርት በትምህርት ቤት ውስጥ ለማስገባት አምስት መንገዶች አሉ። አራቱን በተለያየ ጊዜ ሞክሬያቸዋለሁ ወይም ባልደረቦቼ ሲሞክሯቸው አይቻለሁ። አምስተኛው ላይ ነው ልቤ ያረፈው፤ ምክንያቴን እዘረዝራለሁ።

ለጂኦግራፊ መተው

ከሁሉ የቀለለው ይህ ነው። ስብሰባ አይጠራም፣ ፈቃድ አይጠየቅም፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል አይነካም። መምህሩ ካርታ ሰቅሎ የውሃ መለያ መስመሩን ያሳያል፣ አሥራ ሁለቱን የኢትዮጵያ ተፋሰሶች ያስጠናል፣ ይፈትናል። እኔም ለብዙ ዓመት ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ውጤቱ ተፋሰስን የሚስሉ፣ ነገር ግን ውሃው ለምን እንደደፈረሰ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ተማሪዎች ናቸው። ድፍርሱ የኬሚስትሪ፣ ትሉ የባዮሎጂ፣ ፍጥነቱ የፊዚክስ ሆኖ ስለሚቀር ጂኦግራፊ ብቻውን የሚያስረክባቸው ባዶ ካርታ ነው። ሌላ ፈቃደኛ መምህር ፈጽሞ በሌለበት ትምህርት ቤት ከምንም ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ግን አልመክረውም።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ

ክበብ ፍቅር አለው። ቅዳሜ ጠዋት ያለ ማስገደድ የሚመጡ ልጆች የሚገኙት በክበብ ነው፤ ችግኝ ይተክላሉ፣ የወንዝ ዳር ያጸዳሉ፣ ግጥም ያነባሉ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክበቡ የሚያስተምረው አስቀድሞ የሚቆረቆረውን ልጅ ነው። ቆሻሻውን ወደ ወንዝ የሚወረውረው ልጅ ክበቡ ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ክበብ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይቆማል። ቀድሞ በነበርሁበት ትምህርት ቤት አንድ የባዮሎጂ መምህር ልጆቹን ይዞ ዓመት ሙሉ የወንዙን ሙቀትና ድፍርስነት አስለካ። በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። መዝገቡን ከቁም ሳጥን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ያ ሁሉ ልኬት፣ ያ ሁሉ ማለዳ ከአንድ ደብተር ጋር ጠፋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የውሃ ሳምንት

የዓለም የውሃ ቀን መጋቢት 13 ቀን ስለሚውል ብዙ ትምህርት ቤት ሳምንቱን ለውሃ ይሰጣል። ወላጅ ይጋበዛል፣ ጥያቄና መልስ ይደረጋል፣ ሁሉም መምህር ይሳተፋል። አንድን ግቢ ለማነቃቃት ከዚህ የሚሻል የለም፤ አዲስ ለሚጀምር ትምህርት ቤት ጥሩ በር መክፈቻ ነው።

ነገር ግን ወንዝ በአንድ ሳምንት አይታወቅም። መጋቢት ላይ ያየኸው አዌቱ የጥቅምቱ አዌቱ አይደለም። መስከረም ላይ ክረምቱ ያመጣውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ ጥርና የካቲት ላይ ይቀጥናል፣ ሽታው ይብሳል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ አጥቦ ያስገባበታል። በዞኑ ወረዳዎች ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ የማያዩትን ፍሳሽ የሚያዩት በእነዚያ ወራት ነው። በመጋቢት ሳምንት ብቻ ወንዝ ያየ ተማሪ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ያልፋል።

በየትምህርቱ መበተን

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። እያንዳንዱ መምህር በራሱ ትምህርት ውስጥ ውሃን የሚያስገባበት መንገድ ነው፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ መውጣት አያስፈልግም፣ ምሳሌውን መቀየር ብቻ ይበቃል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ባልደረቦቼ «የእኔ ትምህርት ከውሃ ጋር ምን አገናኘው?» ይሉኛልና።

ሒሳብን እንውሰድ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወድቅ አንድ ሊትር ይሆናል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ጣሪያው 240 ካሬ ሜትር የሆነ የመማሪያ ሕንፃ በዓመት 360,000 ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው። በትነትና በመፍሰስ የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 288,000 ሊትር ይቀራል። ልጆቹ ይህን ቁጥር ሲያገኙ ዓይናቸው ይበራል፤ «የውሃ ችግራችን ተፈታ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ለ1,000 ተማሪና ለ200 የትምህርት ቀን አካፍሉት በላቸው። ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። መደነቁና መረጋጋቱ ሁለቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይመጣሉ፤ ከመጽሐፉ የማካፈል መልመጃ ይህን የመሰለ ነገር አላገኘሁም።

ፊዚክስ ከሁሉ የታደለ ነው፤ ምሳሌው ደጃፋችን ላይ ቆሟል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእርሱ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፤ የሁለተኛው አቅም 420 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ዓይነት ውሃ ሁለተኛው ላይ ከእጥፍ በላይ ኃይል ለምን ሰጠ? መልሱ የከፍታው ልዩነት ነው፤ ተማሪው የስበት እምቅ ኃይል ቀመርን ከዚህ በኋላ አይረሳውም። የጎርፍ አፈር ግድቡ ውስጥ ሲከማች የውሃው መያዣ እንደሚጠብ ሲረዳ ደግሞ የእርከን ሥራ የገበሬው ጉዳይ ብቻ መስሎ አይታየውም። ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ዶማና አካፋ ይዞ ሲወጣ የመብራቱንም ዕድሜ እያራዘመ ነው።

ኬሚስትሪ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የውጭ መጻሕፍት ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል ይላሉ። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው ጅማ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ንጹሕ ውሃ እንኳ በዚያው ሙቀት ከ7.5 ሚሊ ግራም ብዙም አይዘልም። ይህን ያላወቀ መምህር ጤነኛውን ምንጭ «ተበክሏል» ሊል ይችላል። ግፊትና ሟሚነት የሚሉትን ርእሶች ለማስተማርም ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። ድፍርስን አርግቶ ውሃን የሚያጠራው ጨው፣ የአሉም፣ ሙከራም በጣም ቀላል ነው፤ ድፍርስ ውሃ፣ ሦስት ብርጭቆ፣ የተለያየ መጠን ያለው አሉም፣ ግማሽ ሰዓት ጥበቃ።

ባዮሎጂ የቡናውን ፍሳሽ ያገኛል። የእሸት ቡና ልጣጩና የሚያዳልጠው ስኳራማ ሽፋኑ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይረባረቡበታል፤ ሲበሉ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ዓሣው የሚሞተው በመርዝ ሳይሆን በመታፈን ነው። በጀንፈል የሚደርቀው ቡና ይህን ሁሉ ውሃ አይጠይቅም፤ የታጠበው ቡና ግን የተሻለ ዋጋ ያወጣል። እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ ይገባል፦ ትርፉ የማን ነው፣ ወጪውን የሚሸከመው ማነው፣ ከታች ያለችው ውሃ ቀጂ ሴት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የት አለች? የአንድ ስኒ ቡና የውሃ አሻራ ከእርሻ እስከ ስኒ ሲሰላ 140 ሊትር ገደማ እንደሆነ ሲነገራቸው ልጆቹ መጀመሪያ አያምኑም፤ ከፍተኛው ድርሻ ተክሉ ላይ የጣለው ዝናብ መሆኑን ሲረዱ ነው ነገሩ የሚገባቸው።

ታሪክ ሄርማታ ገበያ በአዌቱ አጠገብ ለምን እንደደራ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደግሞ ጅሬን ኮረብታ ላይ ለምን እንደተሠራ ይጠይቃል። የዜግነት ትምህርት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ስለ ንጹሕ አካባቢ የሚለውን፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ን ያነብባል። በቋንቋ ክፍለ ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ትበቃለች፤ ጨፌ። በአፋን ኦሮሞ ረግረጋማውን መስክ ማለት ናት፤ አባቶች መስኩ ላይ ተሰብስበው ሕግ ስለሚያወጡ የጉባኤም ስም ሆነች፣ ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። ረግረግን «ባዶ መሬት» ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህን ንገሩት።

ታዲያ ይህ መንገድ ምን ጎደለው? ቅንጅት ይጎድለዋል። የኬሚስትሪው መምህር ከቧንቧ ይቀዳል፣ የሒሳቡ መምህር ቁጥር ከራሱ ይፈጥራል፣ የባዮሎጂው ስለ ሌላ አገር ሐይቅ ያወራል። ተማሪው ሦስት የውሃ ትምህርት ተማረ፤ ሦስቱም ስለ አንድ ውሃ እንደሆኑ ግን አልታየውም። ካርታው ብቻውን ሲቀር ያየነው ችግር ተመልሶ መጣ።

አንድ ወንዝ፣ አንድ መዝገብ

የምመክረው ይህን ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ የወንዝ ቁራጭ ይመርጣል፤ ሃምሳ ሜትር ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀን፣ አንድ የተማሪዎች ቡድን ይለካል። ልኬቱ ሁሉ አንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡ የማንም መምህር አይደለም፤ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መምህር ውሃን ሲያስተምር ከዚያው መዝገብ ይወስዳል። ሒሳብ አማካዩንና ግራፉን፣ ፊዚክስ ፍጥነቱን፣ ኬሚስትሪ የአሲድ መጠኑን፣ እንግሊዝኛ የዘገባ አጻጻፉን። የኮምፒውተር መምህሩ ሰንጠረዡን ያሠራል። የክበቡ መምህር ቢዛወር መዝገቡ ይቀራል፤ የዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የዛሬ ሦስት ዓመት ታላላቆቹ ከለኩት ጋር ያነጻጽራል።

ከባድ ይመስላል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቅንጅት የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ሆኖም የሚጨምረው ክፍለ ጊዜ የለም። በእኔ ግምት ትልቁ ሥራ መስከረም ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ «እኔ በዚህ ወር ይህን ርእስ አስተምራለሁ፣ ከመዝገቡ ይህን እፈልጋለሁ» መባባል ነው። ሦስት መምህራን ከተስማሙ መጀመር ይቻላል፤ ሁሉንም መጠበቅ አያስፈልግም።

የክፍል ደረጃውን በተመለከተ ዘጠነኛና አሥረኛን እመርጣለሁ። በእነዚህ ክፍሎች ተማሪው ሁሉንም ትምህርት ይወስዳል። አሥራ አንደኛ ላይ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ይከፈላል፤ ፊዚክስ የሚማረው ጂኦግራፊ አይማርም፣ መዝገቡም ለሁለት ይሰነጠቃል። አሥራ ሁለተኛን ለብሔራዊ ፈተናው እንተውለት። ነጥብ ካልተያዘ ደግሞ ሥራው አይዘልቅም። እያንዳንዱ መምህር ከተከታታይ ምዘናው አምስት ነጥብ ለመዝገቡ ሥራ ቢመድብ ልጁም ወላጁም በቁም ነገር ይይዙታል።

የት እንለካ?

በከተማው መካከል ላሉ ትምህርት ቤቶች አዌቱ ቅርብ ነው። ድልድዩ በእግር ይደረስበታል፣ ለውጡም ጎልቶ ይታያል፤ ከላይ ወደ ጅሬን አቅጣጫና ከታች ከገበያው በኋላ ሁለት ቦታ ቢለካ ከተማው ወንዙን ምን እንዳደረገው በአንድ ገጽ ላይ ይነበባል። ኪቶ ለሚቀርባቸው ደግሞ ኪቶ ያው ነው። ቦዬ ለወር ለወር ልኬት አይመችም፤ ሰፊ ነው፣ ጭቃው ያሰምጣል፣ ጉማሬም አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ግን እዚያ ሄዶ ከሩቅ ቆሞ ማየት ይገባል፦ ወፎቹን፣ ደንገሉን፣ ጡብ ለመሥራት የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ እየገፋ የመጣውን ባሕር ዛፍ። ከተማው የላከለትን ድፍርስ ተቀብሎ አጣርቶ ወደ ግልገል ጊቤ የሚለቀው ያ ረግረግ ነው። ወንዝ የራቀው ትምህርት ቤትም አይቅርበት፤ የግቢው ቦይና የጣሪያው አሸንዳ የራሳቸው ትንሽ ተፋሰስ አላቸው።

በምን እንለካ?

ውድ መሣሪያ አትጠብቁ። የዝናብ መለኪያ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከማስመሪያ ይሠራል። ድፍርስነት ረጅም ግልጽ ቱቦ ታችኛው ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት አድርጎ ምልክቱ እስኪጠፋ ውሃ በመሙላት ይለካል። ለፍጥነት ብርቱካን ይበቃል፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ አይገፋውም። አሥር ሜትር ለክቶ መልቀቅና ሰዓት መያዝ ነው። ለምሳሌ የውሃው ቁመትና ስፋት ተባዝቶ 1.2 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ብርቱካኑ በሴኮንድ 0.4 ሜትር ቢሄድ፣ ከታች ያለው ውሃ ቀስ ስለሚል በ0.85 እናባዛዋለን፤ በሴኮንድ 408 ሊትር ይወጣል። ለአሲድ መጠን የወረቀት መመርመሪያ ከቤተ ሙከራ ይገኛል። የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያ ካልተገኘ ይቅር፤ አራት ነገር ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ መለካት አሥር ነገር አንድ ጊዜ ከመለካት ይበልጣል።

አሁን የምለውን እባካችሁ በቀላሉ አትለፉት። በጅማ አካባቢ ባሉ ጅረቶች ቢልሃርዚያ አለ። ተውሳኩ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፣ በቆዳም ይገባል። ስለዚህ ማንም ተማሪ ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ አይገባም። ጥልቀቱን በዘንግ ከድልድይ ላይ ለኩ፤ ውሃውን ረጅም ገመድ ባለው ባልዲ ቅዱ፤ ጓንት አድርጉ፤ ከድንጋይ ሥር ነፍሳት የሚሰበሰቡ ከሆነ ቦት ጫማ ያደረገ መምህር ብቻ ይግባ። ቦት ጫማ ከሌለ ያ ልኬት ይቅር። ዝናብ እየጣለ ወይም ከላይ ደመናው ጠቁሮ ሳለም አትውጡ። ለወላጅ ደብዳቤ ሳይላክ ከግቢ መውጣት የለም።

ለየትኛው ትምህርት ቤት የትኛው?

ፈቃደኛው አንድ መምህር ብቻ ከሆነ ክበቡን ይጀምር፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መዝገቡን ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጥ። ርእሰ መምህሩ ገና ያላመኑ ከሆነ በውሃ ሳምንት ጀምሩና የጣሪያውን ሒሳብ በትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ተማሪው በዝቶ በፈረቃ በሚማርበት ትምህርት ቤት በየትምህርቱ መበተን ይቀላል፤ ሆኖም ሁለት መምህራን እንኳ ቁጥራቸውን ከአንድ ወንዝ ይውሰዱ። ሦስት ፈቃደኛ መምህራን ያሉበት ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ መዝገቡን ይክፈት።

የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚለካበትን ቦታ ማንም አዲስ ሰው ሊያገኘው በሚችል መንገድ ግለጹ፤ «ከድልድዩ በታች፣ ትልቁ ዋርካ አጠገብ» አይበቃም፣ ዋርካው ሊቆረጥ ይችላል። ርቀቱን በሜትር ጻፉ። ከዚያ ዓምዶቹን አሥምሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ያለፉት ሦስት ቀናት ዝናብ፣ ሙቀት፣ ድፍርስነት፣ ፍጥነት፣ ቁመት፣ የአሲድ መጠን፣ የለኪዎቹ ስም፣ የታየ ልዩ ነገር። ለሐምሌና ለነሐሴም መሥመር ተዉ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወንዙ የሚሞላው ያን ጊዜ ነውና በወንዙ አቅራቢያ የሚኖሩ ሁለት ልጆች የዝናቡን ጠርሙስ ወደ ቤታቸው ይውሰዱና በየጠዋቱ እየጻፉ መስከረም ላይ ይዘውት ይምጡ።